ሳልገልጥ «ደህና» ያልኩት ጀርባ

ጥቅምት 4

አንዴ አፍንጫ ውስጥ የገባ ሽታ በስንት ቀኑ ነው የሚወጣው?

እጄን ስድስት ጊዜ ታጠብኩ። በሳሙና… በአልኮል… በመጨረሻ በጠበቃው ሻምፑ። (ጠበቃው አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ነው። የሚማረው እንደኔው ነርሲንግ ነው፤ ግን ከአሳንሰር ጋርም ቢሆን ይከራከራል።) ምንም። ምሳ ላይ ዳቦውን ወደ አፌ ሳስጠጋ መጣ። መልሼ አስቀመጥኩት። እጄ ላይ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጓንት ነበረኝ፣ ያውም ድርብ። ከዓይኔ ኋላ የሆነ ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

የሆስፒታል ልምምድ ሦስተኛ ቀን። ጠዋት አንድ ሰዓት ገባን። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልጋ አከፋፈለችን። ደረቷ ላይ ሰዓት ትሰካለች፤ እኛ በሌለችበት «ሰዓቷ» ነው የምንላት። ለኔ አራት ቁጥር ደረሰኝ።

«እጠባቸው፣ አልብሳቸው፣ ገልብጠህ ጀርባቸውን እይ፣ ቅጹን ሙላ» አለችኝ።

«ልጠባቸው? እኔ?»

«በምክር አይደለም። በውሃ።»

በማዕረግ ተመርቄያለሁ። ደም ሥር በአንድ መርፌ አገኛለሁ። ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት ተጨማሪ ልማር ብዬ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ግን «ሰው እጠብ» ያለኝ አልነበረም። እኛ ጋ በሽተኛ የሚያጥበው አስታማሚው ነው። ሚስት፣ ልጅ፣ እህት… ነርስ መርፌውን ይዞ ይመጣል፣ ይወጋል፣ ይሄዳል። እዚህ አስታማሚ የሚባል ሰው የለም። ሁሉም የነርስ ነው። ሁሉም…

አራት ቁጥር ልብስ ሰፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ስትሮክ ነው። አፋቸው ግን በደንብ ይታዘዛል።

«ልጄ፣ የሱሪህን ጫፍ ማነው የሰፋው?»

«ተሰፍቶ ነው የተገዛው አባባ።»

«አልተሰፋም። ተጣብቋል በለኝ።»

ሳቅኩ። ከዚያ ዳይፐሩን ከፈትኩት። መሳቄን ተውኩ።

ስምንት ሳምንት ነው። ሰዓቷ የልምምድ ደብተሬ ላይ ከፈረመች ቀዶ ጥገና ክፍል እገባለሁ። ካልፈረመች ልጆቹ ያልፋሉ፣ እኔ እደግማለሁ። ቀዶ ጥገና ክፍል… ንጹሕ፣ አረንጓዴ ጨርቅ፣ በሽተኛው የተኛ፣ የማይናገር። የመጣሁት ለዚያ ነው። ስምንት ሳምንት ትንፋሽን መያዝ ያቅታል?

ከሥራ ስወጣ አብረውኝ ለተመረቁት ልጆች ግሩፕ ፎቶ ላክሁ። ነጭ ልብስ፣ ማዳመጫው አንገቴ ላይ። «ኮራንብህ!» «ዶክተር መሰልክ እኮ!» ስልሳ ሦስት ልብ።

ሽታው ፎቶ ላይ አይወጣም።


ጥቅምት 6

አፍንጫዬ ሥር የጥርስ ሳሙና ቀባሁ። ጠበቃው የመከረኝ ነው። አሁን የሚሸተኝ ሜንታና ሰገራ ነው። ጥርሴን መቦረሽም አስጠላኝ። አተረፍኩ!


ጥቅምት 9

የሚያስጠሉኝ ነገሮች። የአምስት ቁጥር አክታ፣ በብርጭቆ አጠራቅሞ የሚያሳየኝ። በኮሪደሩ ጫፍ ያለው የእድፍ ልብስ ክፍል፣ እርጥብ ሙቀቱ። የምግብ አዳራሹ ሾርባ… አሁን ያየሁትን ነገር የሚመስል ሾርባ ለምን ይሠራሉ? የጠበቃው ካልሲ። የራሴ ብብት። የሰው ገላ በጠቅላላ። ይሄን ሁሉ ጉድ ይዘን ነው ለካ ተቀባብተን የምንዞረው?

ግን ዘዴ አግኝቻለሁ። ፊት፣ ብብት፣ ፊት ለፊት። ኋላውን ሳልገለብጥ በጎን እጄን አስገብቼ፣ ጣራ ጣራውን እያየሁ እጠርጋለሁ። ካልገለበጥኩ ብዙም አይሸትም። አራት ደቂቃ! ቅጹ ላይ «ጀርባ ታይቷል፤ ቆዳው ደህና ነው» የሚል ሳጥን አለ። ራይት። ከሥሩ ፊርማዬ። ቆንጆ ፊርማ ነው ያለኝ።

ሰዓቷ አለፍ ስትል ሰዓቷን አየች። «ፈጥነሃል። ጎበዝ» አለችና እሷም ከሥሬ ፈርማ ሄደች።

ጎበዝ።


ጥቅምት 12

ሽማግሌው ዛሬ አስቸገሩኝ።

«ልጄ፣ አንሶላው ላይ መርፌ ወድቋል።»

«መርፌ የለም አባባ።»

«አለ። ወገቤ ሥር ይወጋኛል። ሃምሳ ዓመት መርፌ ላይ የተቀመጠ ሰው መርፌ አያውቅም?»

እጄን ከሥራቸው አሾልኬ ዳበስኩ። አንሶላ ነው። የተጨማደደውን ወጠርኩላቸው።

«አየህ?»

«አይቻለሁ። የለም።»

ከስትሮክ በኋላ እንዲህ ያለ ስሜት ይመጣል። ተምረነዋል። ራይት።


ጥቅምት 14

እህቴ ደወለች። ታላቄ ናት። ቤተሰቡ እኔን «ዶክተር» ነው የሚለኝ፤ ነርስ መሆኔን ማንም ሊሰማ አልፈለገም።

«ዶክተር፣ እንዴት ነው ታዲያ? ቆራርጠህ መስፋት ጀመርክ?»

«እየተቃረብን ነው እትዬ።»

«እሰይ! አባዬ ይሄን ሳያይ…»

ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትቆማለች። አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ስምንት ወር አልጋ ላይ። ያኔ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ጠዋትና ማታ ግፊቱን እለካ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ባመጣሁት መለኪያ። በደብተር አሰምሬ እጽፈዋለሁ። ጎረቤት ሁሉ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጥህ ይላሉ እንጂ» እያለ መርቆኛል። ማጠቡ የእትዬ ነበር። እሷ ሳፋ ይዛ ስትገባ እኔ ሬዲዮዬን ይዤ በረንዳ እወጣለሁ። በሩ ይዘጋል። ሲከፈት አባዬ ንጹሕ ነው።

ምን እየጠረግኩ እንደምውል አልነገርኳትም።


ጥቅምት 17

የሽማግሌውን ልጅ አየኋት። አንድ ልጃቸው ናት። የአውቶቡስ ሹፌር፤ የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች ትመጣለች። በሳምንት አንዴ። አሥር ደቂቃ። አልጋው እግርጌ ትቆማለች፣ ቁልፉን በጣቷ ታሽከረክራለች፣ «ይበላል? ይተኛል?» ትላለች፣ ትሄዳለች። ገላቸውን አትነካም። እጃቸውን እንኳ…

ከሰገራው የበለጠ ይሄ አስጠላኝ። እውነት። ማታ ለጠበቃው ነገርኩት።

«እኛ ጋ ቢሆን ልጅ አባቷን እንዲህ ትተዋለች?»

«እኛ ጋ ቢሆን» አለ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «አንተ የት ትሆን ነበር?»

«ማለት?»

«እንዲያው ነው። መስቀለኛ ጥያቄ።»

አፉን እንደ ካልሲው ማጠብ ነበረበት።


ጥቅምት 21

ከየት ልጀምር…

ጠዋት ሁለት አዲስ በሽተኛ ስለገባ ሥራው ተደራረበ። አራት ቁጥር ሳይታጠቡ አምስት ሰዓት ሆነ። ሳፋውን ሞልቼ፣ ፎጣና ሳሙና ይዤ ስደርስ ሹፌሯ አጠገባቸው ቆማለች። ቀኗ አልነበረም። እና እጄ… አእምሮዬ አይደለም፣ እጄ… ሳፋውን አቀበላት።

«ይኸው ውሃው። ጓንቱ እዚያ አለ። ሲጨርሱ ይጥሩኝ።»

«እኔ?»

«ልጃቸው አይደሉ እንዴ?»

መሳደቤ አልነበረም። ደግ የሠራሁ ነው የመሰለኝ። እኛ ጋ እኮ ቤተሰብ ሲመጣ ነርስ ዞር ይላል፤ ያለ ነው። መጋረጃውን ሳብ አደረግሁላቸውና ወጣሁ። ከታጠቡ ታጠቡ! ኮሪደሩ ላይ አፏጨሁ። አዎ፣ አፏጨሁ።

ሩብ ሰዓት ቆይቶ መጋረጃው ተገለጠ። ጃኬቷን አውልቃለች። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ። ና እየው።»

በጎናቸው አስተኝታቸዋለች። ብቻዋን። ከወገባቸው ዝቅ ብሎ፣ አጥንቱ ወጣ የሚልበት ቦታ… የመዳፍ ያህል ቀይ። መሃሉ ላይ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ጉድጓድ። ጠርዙ ጥቁር፣ ውስጡ ቢጫ፣ እርጥብ። ሽታው የሰገራ አይደለም። ሌላ ነው። ጣፈጥ የሚል… ቁም ሳጥን ውስጥ ተረስቶ የበሰበሰ ፍሬ።

ይሄን ሽታ ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ። ከየት?

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ «መርፌውን አገኛችሁት?» አሉ።

ሰዓቷ መጣች። አየች። እጇን ታጠበች። አጸዳችው፣ ሸፈነችው። እኔን አላየችኝም፤ «ያዝ» «አቀብል» ብቻ። ስትጨርስ ሹፌሯ እንዲህ አለቻት፦

«ሳፋ አሸክሞኝ ሄደ ብዬ ልከሰው ነበር። አሁን ደግሞ ሳፋውን ባይሰጠኝስ እያልኩ ነው።»

ሄደች። ጃኬቷን ረስታ።


ጥቅምት 22

ሰዓቷ ቢሮ ጠራችኝ። ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ የደረቀ ተክል። ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራቸዋለች። ጀርባ ሙሉ የሚታየው ጠዋት ሲታጠቡ ነው። ማታ ተረኞቹ ትራስ ይቀይራሉ እንጂ መብራት አያበሩም። ጠዋት እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለት ራይት።

«የማን እጅ ነው?»

«የኔ።»

«አይተህ ነው?»

የደረቀውን ተክል አየሁ።

«አሁን አትንገረኝ» አለች። «ጻፈው። የሆነውን፣ በራስህ ቃል። ሦስት ቀን አለህ።» ከዚያ ጣቷን ከፊርማዎቼ ሥር አደረገች። የሷም አሥራ ሁለት ነው። «እዚህ ላይ የኔም እንዳለ አይቻለሁ። ሂድ።»

ለጠበቃው ነገርኩት። አልጋው ላይ ዘሎ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚወደው።

«አለቀ! ነጻ ነህ! ይሄ ቁስል የሚጀምረው ከሥር ነው። ላዩ ደህና ሆኖ ውስጡ ይሞታል፣ ከዚያ በአንድ ቀን ይፈርሳል። ገጹን ልጥቀስልህ?»

«እሱ እውነት ነው።»

«እውነት ስለሆነ ነው ጥሩ ውሸት የሚወጣው! ‹ከትናንት ወዲያ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነበር› በል። ማን ይመሰክርብሃል? ሴትዮዋ ራሷ ከሥርህ ፈርማለች፤ ለሷም ይበጃታል። አንተ ቀዶ ጥገናህን ትገባለህ፣ እሷ እንጀራዋን ትበላለች፣ ቁስሉ ደግሞ እየታከመ ነው። ማን ተጎዳ?»

ማን ተጎዳ… መልስ አጣሁለት። ደግሞ ደስ አለኝ። መልስ በማጣቴ ደስ አለኝ። ይሄ ምን ዓይነት ሰውነት ነው?


ጥቅምት 23

ጻፍኩ። «ቆዳቸው እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ለዓይን ደህና ነበር።» ለዓይን… ለማን ዓይን?

ቀደድኩት። ከቅርጫት አውጥቼ ገጣጠምኩት። እንደገና ቀደድኩት። እኔው ለራሴ ሸተትኩ።


ጥቅምት 24

እህቴ ጋ ደወልኩ። ዘወትር የምትደውለው እሷ ናት፤ ደነገጠች።

«ምነው? ደህና ነህ?»

«እትዬ፣ አባዬን ስታጥቢ አትጸየፊም ነበር?»

ሳቀች። «ምን ነካህ ዛሬ?»

«መልሺልኝ በናትሽ።»

«እጸየፍ ነበር እንጂ! ይጠየቃል? ሁለት ቀን ወጥቼ አስታውኬ ገብቻለሁ። አንተ በረንዳ ላይ ኳስ ስትሰማ።»

«ታዲያ እንዴት…»

«እንዴት ምን? ተጸይፌ አጠብኩት። መጸየፉ እስኪለቀኝ ብጠብቅ ኖሮ ሳይታጠብ ይቀበር ነበር።»

የዚያን ጊዜ መጣልኝ። ሽታው። የአባዬ ክፍል። የመጨረሻው ወር፣ በሩ ሲከፈት… ጣፈጥ የሚል። ፍሬ ተረስቶ ነው ብዬ ከአልጋው ሥር ፈልጌያለሁ። አልጋው ሥር! አጎንብሼ!

«ጀርባው ቆስሎ ነበር?»

«ሦስት ቦታ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማን ልንገር? ነርሱ አንተ። በቀን ሁለቴ ትገባለህ፣ ትለካለህ፣ ትጽፋለህ። አይተኸዋል ብዬ እኮ ነው። አይተህ፣ መላ የሌለው ሆኖብህ፣ እኛን ላለማሳዘን ዝም ያልክ መስሎኝ…»

ከዚያ በኋላ ያወራነውን አላስታውስም። መስመሩ ላይ ሆና ታለቅስ እንደነበር ነው የማውቀው። እኔ አላለቀስኩም። የመታጠቢያው ገንዳ ላይ ተደፍቼ ባዶ ሆዴን አስታወክሁ።

መቶ ሃያ በሰማንያ። መቶ ሃያ አምስት በሰማንያ። ስምንት ወር፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ የተሰመረ። ደብተሩን ጎረቤት ሁሉ አይቶታል። አባዬን ነው ማንም ያላየው። ከእትዬ በቀር።


ጥቅምት 25

አራት መስመር ጻፍኩ።

«ከጥቅምት 9 እስከ 20 የበሽተኛውን ጀርባ አላየሁም። ተጸይፌ አልገለበጥኳቸውም። አሥራ ሁለቱም ምልክት ሐሰት ነው። ጥቅምት 12 ወገባቸውን እንደሚወጋቸው ነግረውኝ ሳላይ የለም ብያቸዋለሁ።»

ሰዓቷ ቆማ አነበበችው። ሁለቴ።

«‹ተጸይፌ› የሚለውን ልታወጣው ትችላለህ። ግዴታ አይደለም።»

«ይቆይ።»

«ደብተርህን አልፈርምም።»

«ገብቶኛል።»

«እኔም የራሴን ጽፌያለሁ» አለችና ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ቀኑን አየሁ። ጥቅምት 21። እኔ ሦስት ቀን ስቀድድ እሷ የዚያኑ ዕለት… «ፈጣን ስለሆንክ ወደድኩህ። አራት ደቂቃ! ሃያ ስድስት ዓመት ሰው አጥቤ በአራት ደቂቃ የሚታጠብ ሰው እንደሌለ ጠፍቶኝ አይደለም። ሰው ጎድሎን ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ፈረምኩ። ጥፋት ነው።»

ከሰዓት ሹፌሯ ጃኬቷን ልትወስድ መጣች። ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ ነገርኳት። ሁሉንም። ቁልፏን ማሽከርከር አቆመች።

«ይቅርታ…» ስል እጇን አነሳች።

«ይቅርታህን የት ላድርገው? የምፈልገው የአባቴን ጀርባ ነው።»


ኅዳር 4

ልጆቹ በደስታ ቀን እየቆጠሩ ነው፤ ለነሱ አራት ሳምንት ቀራቸው። የኔ ስምንት ሳምንት ከዛሬ እንደገና ይጀምራል። እዚሁ ክፍል። ሰዓቷ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። የትኛውን አልጋ እንደምትሰጠኝ ጠይቄያት ነበር። «ምን መሰለህ?» አለች።

አራት ቁጥር።

ጠበቃው ሦስት ቀን አኩርፎኝ ነበር። «የተያዘ ድል ነው ያስበላኸኝ» ይላል። ዛሬ ግን ካልሲውን አጠበ። ማጽናኛ መሆኑ ነው መሰለኝ።


ኅዳር 8

ቁስሉን ማጽዳት ሰዓቷ አሳየችኝ። ከመሃል ወደ ጠርዝ። የሞተውን ሥጋ ማንሳት፣ የቀረውን ማጠብ፣ ጉድጓዱን ሳያጨናንቁ መሙላት። አምስት ሴንቲ ነው፣ በወረቀት ማስመሪያ ለካሁ። መሃል ላይ «ይቅርታ» ብዬ ሮጥኩ፤ እቃ ማጠቢያው ክፍል አስመለስኩ። አፌን ተጉመጥምጬ ተመለስኩ። ሰዓቷ የያዘችውን ፋሻ እንደያዘች ቆማ ነበር።

«የት ደርሰን ነበር?» አለች።

ሽማግሌው፦ «እሱ አስታወከ፣ እኔ ነኝ የቆሰልኩት?»


ኅዳር 17

«ምን ይመስላል?» አሉኝ ዛሬ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ግድግዳውን እያዩ።

ምን ይባላል? «እየተሻለ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ቅጹ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። አየሁ።

«እንደ ኮት ኪስ ያለ ቀዳዳ ነው አባባ። ጠርዙ ተተልትሏል። ታች ደግሞ ትንሽ ቀይ ነገር እየበቀለ ነው።»

«ቀይ ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው። ከሥር ነው የሚሞላው። ላዩ ቀድሞ ከተዘጋ ውስጡ ይበሰብሳል።»

«እና መጀመሪያ ገበሩ ነው በለኛ! ይሄን እኔ አላውቅም? ገበሩ ሳይያዝ ላዩን የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ጣቱ ይቆረጥ። ሱሪህን አምጣልኝ አንድ ቀን። በአንድ እጄ ባልሰፋም አሳይሃለሁ።»

መቼም ይሸታል። ዛሬም ይሸታል። እያሳቁኝም ነው የሚሸተው።


ታኅሣሥ 2

ጠበቃውና ሌሎቹ ዛሬ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ለብሰው ሲያልፉ አየኋቸው። ቀናሁ። በእጄ የሽንት ፌስታል ይዤ ነበር።

ሹፌሯ መጣች። እኔን አላናገረችኝም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም። ግን በወዲያኛው በኩል ዞረች፣ እጇን አባቷ ትከሻ ላይ አደረገች።

«አንድ፣ ሁለት… በሦስት?» አለች።

«በሦስት።»

አብረን ገለበጥናቸው። ጎንበስ ብላ አየች። ፊቷ ተጨማደደ፣ አፍንጫዋን በክርኗ ሸፈነች፣ ግን ዓይኗን አላነሳችም። ሦስት ሴንቲ። ማስመሪያውን ራሷ ያዘችው።

«ጓንትህ ተቀዷል» አለችኝ ስትሄድ። ተመስገን፣ ተናገረች።


ታኅሣሥ 30

ስምንተኛው ሳምንት አለቀ።

ጠዋት ሰዓቷ ደብተሬን ይዛ መጣች። መነጽሯን አደረገች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ሽማግሌውን አስፈቀደች፣ ገለበጠች፣ ፋሻውን ገለጠች። አንድ ሴንቲ ከምናምን፤ ቀይ፣ ንጹሕ። ተረከዛቸውን አየች። ክርናቸውን አየች። የጆሮአቸውን ኋላ እንኳ! መልሳ ሸፈነች። እጇን ታጠበች። ከዚያ ነው የፈረመችው።

«ዛሬ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» አለችኝ።

«ሃምሳ።»

«ዘገምተኛ።» ፈገግ ያለች መሰለኝ። ላይሆንም ይችላል።

ሽማግሌው የሱሪዬን ጫፍ ገልብጠው አዩት። በሳቸው ትእዛዝ እኔው ነኝ የሰፋሁት፤ አራት ጊዜ አስፈትተውኛል። «አሁን ሱሪ ነው» አሉ። «የቀዶ ጥገና ሰዎች ፊት አታሳፍረኝ።»

ከነገ ወዲያ እዚያ ነኝ። ደስ ብሎኛል? ብሎኛል። ግን አንድ ነገር እየበላኝ ነው። ዛሬ አዲስ ተማሪዎች ገብተዋል፤ ከኔው አገር የመጣች አንዲት ልጅም አለች፣ በማዕረግ የተመረቀች። አራት ቁጥርን ለሷ ሰጧት። ዳይፐሩ ሲከፈት ፊቷን አየሁ። ጣራውን ማየት ጀመረች። ያንን ጣራ እያንዳንዱን ስንጥቅ አውቀዋለሁ…

አጠገቧ ሄድኩ።

«ያስጠላል፣ አይደል?» አልኳት።

«ኧረ ምንም አይልም» አለች፣ ጣራውን እንዳየች።

«ውሸትሽን ነው። እኔን ዛሬም ያስጠላኛል። አስጠልቶሽ እዪው። በይ፣ በሦስት።»

እትዬ ያለችውን መናገሬ እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሳህኔን ይዤ ምግብ አዳራሽ ተቀመጥኩ። ያው ሾርባ ነው፣ ያው ቀለም። ግማሹን ጠጣሁ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ያን የጥቅምት 4 ፎቶ ከግሩፑ አጠፋሁት። ስልሳ ሦስት ልብ አብሮ ጠፋ። በምትኩ ይሄን ላክሁ። እንዳልክደው እዚህም እገለብጠዋለሁ፦

«ጓዶች፣ ዛሬ ፎቶ የለም። አንድ ጥያቄ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የበሽተኛ ጀርባ ገልብጦ ያየ ከመካከላችን ማነው? እኔ አላየሁም። የገዛ አባቴንም አላየሁም፤ ግፊቱን እየለካሁ አልጋው ላይ በሰበሰ። እዚህ ደግሞ የሰው አባት ጀርባ አሥራ ሁለት ቀን ሳልገልጥ ደህና ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ይሄን የምጽፈው እንድታጽናኑኝ አይደለም፤ ‹አይዞህ› የሚል ሰው ከግሩፑ አስወጣለሁ። ነገ ተረኛ የሆናችሁ፣ አንድ በሽተኛ ምረጡ። አስታማሚዋ ሳፋ ይዛ ስትገባ ዞር አትበሉ። በወዲያኛው በኩል ቁሙና አብራችሁ ገልብጡ። ይሸታችኋል። ያያችሁትን እዚህ ጻፉ። እኔ የራሴን አስቀድሜ ጽፌያለሁ፤ ቀጥሎ ማነው?»

አርባ አንድ ሰው አይቶታል። እስካሁን የመለሰ የለም… ቆይ። አንዷ እየጻፈች ነው።